ከአፍ ያላለፈ ንባብ

ደብረ ታቦር ቅቤ ተራ ዝናሽን የማያውቅ ነጋዴ የለም። በስሟ የሚጠራት ግን ጥቂት ነው፤ ገበያው ያወጣላት ስም «አፍንጫ» ነው። ከገጠር በቅልና በባልዲ የመጣ ቅቤ ከላዩ ለጋ መስሎ ቢያብረቀርቅ አይገርማትም። ስንጥሯን እስከ መሃሉ ትሰድና አውጥታ ታሸተዋለች። ውስጡ የተቀቀለ ድንች ወይም ሙዝ ተለውሶበት ከሆነ ፊቷ ይጨማደዳል፣ ወደ ጎን እንትፍ ትላለች፣ ባለቤቱንም ከነዕቃው ከፊቷ ዞር እንዲልላት ትነግረዋለች። ሌላው ነጋዴ ዋጋ ቀንሶ ይገዛዋል። እሷ ግን እንዲህ ያለውን ቅቤ የነካ እጇን በአመድ አሽታ ሳትታጠብ ምግብ አትነካም።

መጸየፍ አብሯት የተፈጠረ ነው። ከተበላሸ ቅቤ ይልቅ የሚያንገሸግሻት ደግሞ የሰው ነገር ነው፤ ከአንገት በላይ ሳቅ፣ ለሆድ ሲባል የሚወርድ ምርቃት፣ «እንዳንቺ ያለ ከየት ይገኛል» የሚል ጎረቤት። ይህን ሁሉ ከሩቅ ታሸተዋለች። እንግዲህ ይቺው ሴት ናት በገዛ ቤቷ፣ ከገዛ ልጇ አፍ በየቀኑ የሚቀርብላትን ነገር አንድ ቀን እንኳ መሃሉን ሳትወጋ ስታጣጥም የኖረችው።

ልጅቷ ዓለሚቱ ትባላለች፤ የአያቷ ስም ነው። አራተኛ ክፍል ናት። ዝናሽ ዘግይታ የወለደቻት አንድ ልጇ ስለሆነች እጇ ቅቤ እንዲነካ አትፈልግም። ተምራ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ወረቀት አገላብጣ እንጀራዋን ትብላ እንጂ የሰው ባልዲ ስታሸት አትኑርብኝ ትላለች። ምኞቱ ደግ ነበር። መንገዱን ግን ከአባቷ ቤት እንዳለ አንሥታ አመጣችው።

የዝናሽ አባት የኔታ አያሌው ጋፋት አቅራቢያ ባለች አንዲት ደብር ንባብ ያስተምሩ ነበር። ዝናሽ ሴት ናት ተብላ ከተማሪዎቹ ጋር ባትቀመጥም፣ ከአጥሩ ጥግ ገብስ እያበጠረች ፊደሉንም ንባቡንም በጆሮዋ ለቀመችው። ጡት ሳታጎጠጉጥ ዳዊት ትደግም ነበር። ምን እንደሚል የጠየቃት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። የቤቱ ደንብ እንዲያ ነው። ንባብ ለብቻው ነው፣ ከዚያ ዜማ አለ፣ ትርጓሜ የሚባለው ደግሞ ሩቅ አገር ተሂዶ፣ ቁራሽ ተለምኖ፣ ጢም ከበቀለ በኋላ የሚገኝ ነገር ነው። ለግዕዙ ይህ የአባቶች ሥርዓት ነው፤ ስንት ሊቅ የወጣበትን መንገድ ማንም ተነሥቶ አይነቅፈውም። ዝናሽ ግን ይህንኑ ወስዳ የአራተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ላይ ጫነችው። የኔታ «ንባብ ይቀትል፣ ትርጓሜ ያሐዩ» የሚሉት ቃል ነበራቸው፤ ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል ማለት ነው። እሷ ምርቃት ስለመሰላት ልጇን ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሸኝ ትልላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስትገባ ዓለሚቱን ከፊቷ ታቆማታለች። ልጅቷ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ ይዛ ታነባለች፣ እናት ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ቃል ከተዘለለ ወይም ትንፋሽ ያለቦታው ከተወሰደ ጆሮ ይቆነጠጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ንባቡ ጠራ። ዓለሚቱ ስታነብ መደናቀፍ የለም፣ ድምጿ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አራት ነጥብ ሲመጣ ረጋ አድርጋ ታሳርፈዋለች። ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ይሰማና «ምላስሽ ይባረክ» ይላል። ዝናሽም ሌላ ቦታ ቢሆን እንትፍ የምትልበትን ምርቃት እዚህ ሲሆን ጥርግ አድርጋ ትውጠው ነበር።

ጥር ወር ላይ የልጅቷ መምህር ይሻው ወላጅ ይምጣልኝ አለ። ዝናሽ ሊያመሰግናት መስሏት የክት ነጠላዋን ለብሳ ሄደች። ይሻው ገና ወጣት ነው። አንድ ዴስክ ላይ አራት አምስት ልጅ የታጎረበት ክፍል ውስጥ፣ እጅጌው ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ አገኘችው፤ ጠመኔው አስጠላት። ወዲያው ዓለሚቱን አስጠራና ልጅቷ አይታው የማታውቀውን አጭር ታሪክ አስነበባት። አንድ ገበሬ ጤፍ በአህያ ጭኖ ወደ ሐሙሲት ገበያ ሲሄድ ዝናብ ይጥላል፣ ወንዝ ይሞላል፣ ውሃው አህያዋን ከነጭነቷ ይወስዳታል፣ ሰውየውም ገመዱን ብቻ ይዞ ቤቱ ይገባል። ዓለሚቱ ፉት አለችው። እናት ፊቷ በራ።

መምህሩ ሰውየው ለምን ገመዱን ብቻ ይዞ እንደተመለሰ ጠየቃት። ዓለሚቱ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ በዚያው ባማረ ድምጿ እንደገና ታነብ ጀመር። አስቆማትና አህያዋስ የት ደረሰች አላት። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና «ገበያ» አለች።

ይሻው ለዝናሽ የነገራት አጭር ነው። ልጅቷ ታነባለች እንጂ ያነበበችው አይገባትም። እስካሁን በድምጿ እያማረች አለፈች፤ የሳይንሱና የሒሳቡ ጥያቄ ግን በድምፅ አይሠራም። ከፋሲካ በኋላ ራሱ ይፈትናታል፤ ያነበበችውን በራሷ አፍ መናገር ካልቻለች አራተኛ ክፍልን ትደግማለች።

«እኔ ከዚህ ሁሉ ልጅ ጋር ብቻዬን አልዘልቀውም» አላት። «አንቱም ቤት ውስጥ ያግዟት።»

ዝናሽ ከግቢው እንደወጣች እንትፍ አለች። ማስተማር ያቃተው ሁሉ ጥፋቱን ወላጅ ላይ ይደፋዋል ስትል መንገዱን ሙሉ አጉረመረመች። ቤት ደርሳ ግን አላስቻላትም፤ ዓለሚቱን አቁማ በቃሏ ልትወጣው የደረሰችውን ምንባብ አስነበበቻት፤ ስለ ንብ ነው። ከዚያ ንቦቹ ቀፏቸውን ለቀው የወጡት ለምንድን ነው አለቻት። ልጅቷ ዝም። ሌላ ጠየቀቻት፣ ያንንም ዝም። ጆሮዋን በእጇ ሸፍና ቁንጥጫ እንደምትጠብቅ ስታይ ዝናሽ ፊቷን አዞረች። ደነዝ ወልጄአለሁ አለች፣ ልጅቷ እየሰማች።

ባሏ ይርጋ ባጃጁን አቁሞ ሲገባ ይህን ሰማ። ይርጋ ነገርን ሁሉ በሳቅ የሚያሳልፍ ሰው ነው፤ ይህም ዝናሽ ከምትጸየፋቸው ጠባዮቹ አንዱ ነው። «ደነዝስ አይደለችም» አላት ጫማውን እያወለቀ። «ለመሆኑ አንቺ የምትደግሚው ዳዊት ምን እንደሚል ታውቂዋለሽ?»

«እሱ ግዕዝ ነው።»

«ለሷም አማርኛው ግዕዝ ሆኖባት ይሆናላ» አለና ውሃ እንዲያቀርቡለት ጠየቀ።

ዝናሽ ሌላ ሥራ ፈጠረች። በየምንባቡ ግርጌ የተደረደሩትን ጥያቄዎች ዘጠነኛ ክፍል የሚማር የጎረቤት ልጅ መልስ እንዲያወጣላቸው አደረገች። ከዚያ ጥያቄና መልሱን ዓለሚቱ እንድትሸመድደው ተያያዘችው። ጠዋት ፊት ሲታጠብ ትጠይቃለች፣ ከሰዓት ሽንኩርት ሲላጥ ትጠይቃለች። ልጅቷ አእምሮዋ ክፉ አይደለም፤ ሁሉንም እንደ ዳዊት ያዘችው። ዝናሽ ነገሩ ያለቀ መሰላት። ፋሲካን ሳትጠብቅ እጇን ይዛ ይሻው ዘንድ ወሰደቻትና ይኸው ጠይቃት አለችው።

ይሻው የንቧን ምንባብ አስነብቦ፣ መጽሐፉ የማይጠይቀውን ጠየቀ። አንቺ የቀፎው ባለቤት ብትሆኚ ንቦቹ እንዳይሄዱ ምን ታደርጊ ነበር አላት። ዓለሚቱ ሳትዘገይ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «ረጅም መንገድ በእግሩ ስለተጓዘ ነው» ብላ መለሰች። የሌላ ምንባብ መልስ ነው። በመስኮት የሚያዩት ልጆች ሳቁ፤ መምህሩም ሳቁን ለመደበቅ ዞር አለ።

ዝናሽ አልሳቀችም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይህ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ የምታውቀው ነገር ሆኖ ማግኘቷ ነበር። ሚዛን እንዲሞላ ቅቤ ውስጥ ድንች የሚለውስ ሰው በየሳምንቱ ከፊቷ ታባርራለች፤ አሁን ግን ልጇ ራስ ውስጥ ድንቹን የከተተችው ራሷ ናት። ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷን አልተቆጣቻትም።

ሰባራ እግርን እሾህ ይወደዋል እንደሚባለው፣ በዚያው ሰሞን የሚካኤል ማኅበር ተራው የሷ ሆነ። ጾም ገብቶ ነበርና ሽሮውን፣ ንፍሮውን፣ ዳቦውን አዘጋጅታ ማኅበርተኛውን ከሰዓት በኋላ ተቀበለች። ቄሱ ጸልየው ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ወርቁ፣ ጉንጩን ንፍሮ እንደሞላ፣ እስቲ ያቺ ንባብ የምታሳምር ልጅ ታሰማን አለ። ዝናሽ ልቧ ባይፈቅድም እንግዳ አይከለከልም። ዓለሚቱ መጽሐፏን ይዛ መሃል ቆመች፤ ሰሞኑን ክፍል ውስጥ የደረሱበትን ገጽ ገልጣ ጀመረች።

ምንባቡ ስለ ወባ ነው። ይግዛው የሚባል ልጅ እናቱን ሊረዳ ወደ ቆላ ይወርዳል። አጎበር ሳይዘረጋ ይተኛል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ይሞታል፤ እናቱም መንገድ መንገዱን ስታይ ትቀራለች። መጽሐፉ ይህን የጻፈው አጎበር ለማስተማር ነበር።

በዚያ ቤት ውስጥ ከበሩ አጠገብ እትዬ አልማዝ ተቀምጣለች። ልጇ ሲሳይ መስከረም ላይ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ወባ ገድሎታል፤ እዚያው ስለተቀበረ መቃብሩን እንኳ አላየችም። ጥቁሯን ገና አላወለቀችም። ይህን የማያውቅ ማኅበርተኛ የለም፤ ሁሉም ለቅሶዋ ላይ ተቀምጧል። ዓለሚቱም ከእናቷ ጋር ሄዳ ንፍሮ ስታዞር ውላለች።

ልጅቷ አነበበች። ትኩሳቱ ጋ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ሞተ» የሚለው ላይ እንደተማረችው ረጋ አድርጋ አሳረፈችው። እናትየዋ መንገድ የምታይበትን መስመር እንደ ዘለሰኛ አስረዝማ፣ አሳምራ ጨረሰች።

«ምላስሽ ይባረክ» አለ ወርቁ። «እግዚአብሔር ያሳድግሽ» አሉ ቄሱ፣ ዓይናቸውን ከጠላው ላይ ሳያነሡ። ሌሎቹም እየተቀባበሉ መረቁ፤ አንዷ እንዲያውም እልል ልትል ነበር። እትዬ አልማዝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ዝናሽ ቤቱን ዞራ አየች። ንፍሮ የሚያላምጥ አፍ፣ ጠላ የሚጠጣ አፍ፣ የሚመርቅ አፍ። ያን ሁሉ ቃል ከአንዲት ሴት በቀር የሰማው ሰው አልነበረም። ሕፃኗ ምን እንዳነበበች አታውቅም፤ ጎምቱዎቹም ምን እንደሰሙ አያውቁም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ወለምታ መሆኑን እንኳ ያየ የለም። ዝናሽን እንዲህ ያለ ነገር አንገሽግሿት አያውቅም። ድስቱን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ ጓዳ ገባች፤ እስኪሄዱም እህል አልቀመሰችም። ወርቁ ሲሰናበታት ልጅሽ ትልቅ ሰው ትሆናለች አላት፤ እሷም አሜን አላለችም።

ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ ዓለሚቱ ሰሐን እየሰበሰበች መጣች።

«እማዬ፣ እትዬ አልማዝ ለምን አለቀሱ?»

«አንቺ ያነበብሽው ነዋ ያስለቀሳት!»

ልጅቷ ሰሐኑን ይዛ ቆመች። «ምን ብዬ?» አለች።

የዝናሽ እጅ ለጥፊ ተነሥቶ ነበር። መልሳ አወረደችው። ልጅቷ ከልቧ ነው የጠየቀችው፤ ቅጥፈትም ድንዛዜም ፊቷ ላይ የለም። አፏ እናቷ የፈለገችውን ሁሉ ሠርቷል፣ ከአፏ ወዲያ ያለው ቤት ግን ማንም ገብቶበት አያውቅም። ዝናሽ አጠገቧ ተቀመጠችና መጽሐፉን አስገለጠቻት። አሁን ድምፅሽን አልፈልገውም አለቻት። አንዲት መስመር ለራስሽ አንብቢና፣ መጽሐፉን ዘግተሽ፣ ማን ምን እንደሆነ በራስሽ ቃል ንገሪኝ።

ያን ቀን አንድ አንቀጽ ሳይጨርሱ መሸ። ዓለሚቱ ልጁ መሞቱን ስትደርስበት ግን ቀና ብላ «እንደ ሲሳይ?» አለች። ከዚያ በኋላ ማልቀስ የጀመረችው እሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ለዝናሽ ጆሮ የግርፋት ያህል ነበር። በጾም ቅቤ ገዢ ስለሌለው ገበያው ቀዝቅዟል፤ ከቀትር ጀምራ ቤት ትውላለች። ዓለሚቱ በየመስመሩ ትቆማለች። ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ትንተባተባለች፣ ታስባለች። የየኔታ አያሌው ልጅ ይህን ቁጭ ብላ መስማት ነበረባት። እጇ ለቁንጥጫ ሲነሣ ነጠላዋ ሥር በሌላው እጇ ትይዘዋለች። የምትጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ከመጽሐፉ አይደለም፤ ማን ነው ይሄ ሰውዬ፣ የኛ ሰፈር ቢሆን ማንን ይመስላል፣ አንቺ ብትሆኚ ትሄጂ ነበር፣ አሁን ምን የሚመጣ ይመስልሻል ትላታለች። ልጅቷ ስትሳሳት አታርማትም፤ እስቲ ተመልሰሽ እዪው ብቻ ትላለች። ይህን ማንም አላስተማራትም፣ በደንብም አትሠራውም ነበር። ብዙ ቀን ተበሳጭታ መጽሐፉን ጥላ ወጥታለች።

አንድ ቀን «ተፋሰስ» የሚል ቃል መጣ። ዓለሚቱ ምን ማለት ነው አለች። ዝናሽ በየዓመቱ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ወጥታ ስትቆፍር የኖረች ናትና እርከን ነዋ አለቻት። ልጅቷ መስመሩን ደግማ አየችና «እርከን ከሆነ ውሃው እንዴት ወደሱ ይፈሳል?» አለች። ይርጋ ተጠየቀ፤ እሱም አብሮ ቆፋሪ ነው፣ አያውቅም። አብረው አንብበው አንብበው፣ ዝናብ ወርዶ ወደ አንድ ወንዝ የሚሰበሰብበት አገር ሁሉ መሆኑን ደረሱበት። ዝናሽ ያን ሁሉ ዘመን ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አካፋ ይዞ የወጣውን ሰው፣ ራሷን ጨምራ፣ አስባ ተገረመች፤ ግርምቱም ከመጸየፍ አልራቀም።

ሌላ ቀን ዓለሚቱ ለብቻዋ እያነበበች ሳቀች። ዝናሽ የምትከካውን ባቄላ ትታ ቀና አለች። በሰው ነው የምትስቂው ስትላት፣ «በጅቡ» አለች ልጅቷ፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ጅብ ነው። ይህችን ሳቅ ዝናሽ ለማንም አልተናገረችም። ትንሽ ነገር ነበረችና ሰው አፍ ውስጥ ገብታ እንዳትበላሽ ፈራች።

የሰው አፍ ግን ሥራ አልፈታም። ንባቡ ከበር ውጭ መሰማት ሲያቆም፣ ሲሰማም እየተቆራረጠ ሲሆን፣ ሰፈሩ ምክንያት ፈለገ። አገኘም፤ ቡዳ በልቷታል። ያን የመሰለ ንባብ ሰው ሁሉ እያየ እንዴት ዝም ይባላል፣ ዓይን ገብቶባታል አሉ። ምላሷን ሲመርቁ የከረሙት ሴቶች ጠበል ይዘው መጡ። አንዷ ሕፃኗን በግድ ልታጥናት ክታብ ከነጭሱ ይዛ መጣች። ዝናሽ ሁሉንም በር ላይ አቆመቻቸው። ጠበሉን ተሳልማ ተቀበለች፤ ጠበል ምን አጠፋ። ሴትየዋን ግን ልጄ ገና አሁን ማንበብ ጀመረች፣ ከነጭስሽ ሂጂልኝ አለቻት። ሴትየዋ እናቲቱንም ይዟታል ብላ ሄዳ አወራች።

እንዲህ ስትል ልቧ ሙሉ አልነበረም። ውስጥ ውስጡን ትፈራ ነበር። ያማረውን ንባብ አፍርሳለች፤ በምትኩ የተተከለው መብቀሉን ደግሞ እርግጠኛ አይደለችም። ፋሲካ እየቀረበ ነው፤ ልጅቷ ይሻው ፊት ቆማ እንደዚያ ብትንተባተብ፣ መልሱም ባይመጣላት፣ ድምጿንም ልቧንም ያጣች ልጅ ይዛ መቅረቷ ነው።

የመጋቢት ሚካኤል ማኅበር ተራው የእትዬ አልማዝ ነበር። ዝናሽ ልጇን ይዛ ሄደች። ዓለሚቱ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ስለመጣች መጽሐፏ በእጇ ነው። ቄሱ ጸለዩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ወርቁ መጽሐፉን አይቶ ከልጅቷ እጅ ወሰደና ራሱ አንድ ገጽ ገለጠ። ጠበሉ ሠርቶላት እንደሆነ እንይ አለ። ሰዉ ሳቀ። ዝናሽ ለመከልከል አፏን ስትከፍት ልጅቷ መጽሐፉን ተቀብላ ነበር።

ዓለሚቱ አላነበበችም። ገጹን አየች። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቷ መስመር እየተከተለ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። ልጅቷ እስከ ግርጌው ደረሰች፣ ቀና ብላ እትዬ አልማዝን አየቻት፣ መጽሐፉን ዘጋችው።

«አላነብም» አለች።

ጉምጉምታ ተነሣ። ወርቁ ራሱን ነቀነቀ፤ ጠበሉ ገና ነው አለ። አይ ልጅት፣ እንዲያ ስታወርደው የነበረች፣ ዓይን ክፉ ነው ተባባሉ። ዝናሽ ፊቷ እንደ ፍም ጋለ። እጇ በድሮ ልማዱ ወደ ልጅቷ ጆሮ ሄደ፤ ግን ትከሻዋን ይዛ ወደ ውጭ አወጣቻት። ከአጥሩ ሥር አቆመቻት።

«ከበደሽ?»

«አልከበደኝም።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«አንድ ልጅ ቆላ ሠርቶ ወደ ቤቱ ይመጣል ይላል። ለእናቱ ነጠላ ገዝቶላት። እሷም ከሩቅ አይታ ታውቀዋለች።»

ዝናሽ መጽሐፉን ተቀብላ ገጹን ፈለገችው። እንዳለችው ነው። ሞት የሚል ቃል የለበትም፣ ለቅሶ የለበትም፤ ቃል በቃል ቢያነቡት የሰርግ ቤት ወሬ ነው። «ደስ የሚል አይደለም እንዴ?» አለቻት።

«ደስ ይላል» አለች ዓለሚቱ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የእትዬ አልማዝ ልጅ ግን አይመጣም።»

ፋሲካ ገና ነበር፤ የይሻው ፈተና ፍርሃት ግን ዝናሽን እዚያው አጥሩ ሥር ለቀቃት። ሲገቡ ወርቁ ልጅቷ ንባቡን ጨርሳ ረሳችው ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አዎ፣ ረሳችው» አለችው፣ ፊቱን እንኳ ሳታይ። ዓለሚቱ ሰዉን አልፋ ሄዳ ከእትዬ አልማዝ አጠገብ ተቀመጠች፤ አልማዝም ከፊቷ ያለውን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት።